የልጅዎ ሰዓት ጥሩ ነው፤ ትራንስክሪፕቷስ?

ጥያቄው የመጣው አሜሪካ ከሚኖሩ አንድ አባት ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

"ዲቪ ደርሶን ከመጣን ገና ዓመት አልሞላንም። ልጄ 9ኛ ክፍልን አዲስ አበባ ጨርሳ እዚህ 10ኛ ገባች። ስፖርት ሠርታ አታውቅም ነበር። አንዲት መምህርት አይታት ክሮስ ካንትሪ አስገባቻት። አሁን 1600 ሜትር በ5:14 ትሮጣለች። ያየ ሁሉ 'ፉል ስኮላርሺፕ ታገኛለች' ይለናል። አንድ ሰው 2,800 ዶላር ከከፈላችሁኝ ከዩኒቨርሲቲ አሰልጣኞች ጋር አገናኛታለሁ አለን። ሌላው ደግሞ እንግሊዝኛዋ እስኪስተካከል፣ ሰዓቷም እስኪወርድ 10ኛን ትድገም ይላል። ግራ ገባን። ከየት እንጀምር?"

በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለዎት። ሮጣ የማታውቅ ልጅ በመጀመሪያ ዓመቷ 5:14 ስትገባ ቀላል ነገር አይደለም። ዘግይታ ጀመረች ብለውም አይስጉ። ያሬድ ንጉሴን ያውቁት ይሆናል፤ ወላጆቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው። እሱም ሩጫን የጀመረው ሁለተኛ ደረጃ ከገባ በኋላ ነው። ከዚያ ኖተርዳም ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ባዮኬሚስትሪ እየተማረ በ2019 የኮሌጆች የ1500 ሜትር ሻምፒዮን ሆነ። በ2024 ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ ነሐስ አጠለቀ። በዚያ ውድድር ሜዳሊያ ያገኙት ሦስቱም ሯጮች በአሜሪካ ኮሌጅ ቡድኖች ውስጥ ያለፉ ናቸው። መንገዱ እውነተኛ መንገድ ነው።

እኔ ለዓመታት በአንድ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ክፍል የአትሌቶች የትምህርት አማካሪ ሆኜ ሠርቻለሁ። አሁን ሁለተኛ ደረጃ ላይ የረጅም ርቀት ሯጮችን አሰለጥናለሁ። ከሁለቱም ወገን ሆኜ ያየሁትን ነው የምነግርዎት።

ከአስቸኳዩ ልጀምር። ክፍል አትድገም።

የኮሌጅ ስፖርትን በዋናነት የሚመራው ኤንሲኤኤ የሚባለው ማኅበር ነው። ዲቪዥን 1፣ 2 እና 3 ተብሎ ይከፈላል። ዲቪዥን 1 ላይ ለመወዳደር ተማሪዋ ኮር የሚባሉ 16 ኮርሶችን መጨረስ አለባት። ለዚህ የተሰጣት ጊዜ አራት ዓመት፣ ማለትም ስምንት ሴሚስተር ነው። መቁጠር የሚጀምረውም 9ኛ ክፍል ከገባችበት ቀን ነው፤ አገሩ የትም ይሁን የት። ስለዚህ የልጅዎ ሰዓት አዲስ አበባ እያለች መቁጠር ጀምሯል። 10ኛን ብትደግም አምስተኛ ዓመት ይመጣል። በዚያ ዓመት የምትማረው ነገር ለዲቪዥን 1 አይጠቅማትም። ከስምንቱ ሴሚስተር በኋላ አንድ ኮርስ ብቻ ነው የሚፈቀደው፤ እሱም በጊዜዋ ለተመረቀች ተማሪ ነው።

ሌላም አለ። የሁለተኛ ደረጃ ስፖርትን በየስቴቱ የሚመሩት ማኅበራት አብዛኞቹ ራሳቸው የስምንት ሴሚስተር ገደብ አላቸው። የደገመች ልጅ 12ኛ ስትደርስ ለትምህርት ቤቷ መሮጥ ልትከለከል ትችላለች። ሰዓቷ በደንብ በሚወርድበት ዓመት ዳር ሆና ጓደኞቿን ልታይ ነው ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት ምክር የሚሰጥዎት ሰው ክፉ አስቦ ላይሆን ይችላል። ግን ሕጉን አያውቀውም።

ወደ 2,800 ዶላሩ ልምጣ። አይክፈሉ።

እግር ኳስ ወይም ቅርጫት ኳስ ቢሆን ኖሮ ትንሽ አስቤ እመልስልዎት ነበር። እዚያ አሰልጣኙ ልጁን ማየት፣ ቪዲዮ መመልከት አለበት። ሩጫ ግን ቁጥር ነው። ልጅዎ በትምህርት ቤት ውድድር የሮጠችው ሰዓት ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን አትሌቲክ ዶት ኔት እና ማይልስፕሊት በሚባሉት የሩጫ ውጤት ድረ ገጾች ላይ ይወጣል። የኮሌጅ አሰልጣኞች ጠዋት ቡና ይዘው የሚከፍቱት እነሱን ነው። የአሰልጣኞቹ ኢሜይል ደግሞ በየኮሌጁ የስፖርት ገጽ ላይ ተለጥፏል። ሰውየው የሚሸጥልዎት በነጻ የሚገኘውን ነገር ነው። ይባስ ብሎ ብዙዎቹ እንዲህ ዓይነት አገናኞች ለመቶ አሰልጣኝ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ይበትናሉ። እኔ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ አሰልጣኞቹ እነዚህን ሳይከፍቱ ሲያጠፏቸው አይቻለሁ። በብሩ ጥሩ ጫማ፣ የሒሳብ አስጠኚና ኮሌጆችን ዞሮ ማያ የመኪና ነዳጅ ይግዙበት።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስን። ትራንስክሪፕት።

አንድ ልጅ አልረሳም። 800 ሜትር የሚሮጥ የእኛው ልጅ ነው። የዩኒቨርሲቲያችን አሰልጣኝ ወዶት፣ ቦታ ይዞለት፣ ማሊያ ሊሰጠው ቀን እየቆጠረ ነበር። በመጋቢት ወረቀቱ ሲመረመር ሁለት የሒሳብ ኮርሶች አልተቆጠሩም። ልጁ 10ኛ ክፍል ላይ ወድቋቸው ነበር። ትምህርት ቤቱ ደግሞ በክረምት ኮምፒውተር ላይ እንዲያካክስ አድርጎታል። ልጁ በ11 ቀን ውስጥ ጥያቄዎቹን እየነካካ ጨረሳቸው። ለመመረቅ በቂ ነበር። ኤንሲኤኤ ግን የኦንላይን ኮርስ ሲቀበል ተማሪውና መምህሩ በየጊዜው የሚገናኙበት፣ የተወሰነ የጊዜ ሰሌዳ ያለው መሆን አለበት ይላል። ያ ኮርስ ይህን አያሟላም ነበር። እናቱ ቢሮዬ መጥታ ዲፕሎማውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። "ተመርቋል እኮ! ይኸው ማኅተሙ!" አለችኝ። መመረቅና ለመወዳደር ብቁ መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ ለማስረዳት ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብኝ። እሷ ዲፕሎማውን መልሳ ስታጥፍ የነበረው እጇ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። ልጁ ሁለት ዓመት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሮጦ፣ ተምሮ፣ በመጨረሻ አራት ዓመት ኮሌጅ ገባ። ያ መንገድም ጥሩ መንገድ ነው። ግን ተገፍቶ ሳይሆን መርጦት ቢሄድበት ይሻል ነበር።

ስለዚህ 16ቱን ኮርሶች ይወቋቸው። እንግሊዝኛ አራት ዓመት። ሒሳብ ሦስት ዓመት፣ ከአልጀብራ 1 ጀምሮ። ሳይንስ ሁለት ዓመት፣ አንዱ ቤተ ሙከራ ያለው። የማኅበራዊ ሳይንስ ሁለት ዓመት። ከእንግሊዝኛ፣ ከሒሳብ ወይም ከሳይንስ አንድ ተጨማሪ ዓመት። ቀሪዎቹ አራቱ ከእነዚሁ ወይም ከውጭ ቋንቋ፣ ከፍልስፍናና ከመሳሰሉት ይመጣሉ። በእነዚህ ኮርሶች ብቻ የሚሰላው ጂፒኤ ለዲቪዥን 1 ቢያንስ 2.3፣ ለዲቪዥን 2 ቢያንስ 2.2 መሆን አለበት። ትራንስክሪፕቱ ላይ ያለው ጠቅላላ ጂፒኤ አይደለም፤ የጂምና የሥዕል ክፍል እዚህ ውስጥ አይገባም።

በጣም የሚረሳው ደንብ ደግሞ ይህ ነው። ከ16ቱ 10ሩ 12ኛ ክፍል ከመጀመሩ በፊት ማለቅ አለባቸው። ከ10ሩ ሰባቱ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና ሳይንስ መሆን አለባቸው። አንዴ 12ኛ ከተጀመረ የእነዚያ ውጤት ይቆለፋል። ለዲቪዥን 1 ሲባል ኮርሱን በድጋሚ ወስዶ ማሻሻል አይቻልም። ልጅዎ አሁን 10ኛ ናት። የቀራት ጊዜ ብዙ ይመስላል እንጂ ብዙ አይደለም።

የቋንቋ ጉዳይም አለ። ለአዲስ መጪ ተማሪዎች የሚሰጠው የእንግሊዝኛ ክፍል ሁሉ እንደ ኮር እንግሊዝኛ ይቆጠራል ብለው አያስቡ። እያንዳንዱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በኤንሲኤኤ የጸደቁለት ኮርሶች ዝርዝር አለው። ዝርዝሩ በኤንሲኤኤ የብቁነት ማዕከል ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛል። የልጅዎን የኮርስ ስሞች አንድ በአንድ ከዝርዝሩ ጋር ያስተያዩ። ስሙ በፊደል ካልገጠመ ካውንስለሯን፣ ማለትም ትምህርት ቤቱ ውስጥ ኮርስ የሚያስመርጣትን አማካሪ፣ ይጠይቁ። ካውንስለሩ አራት መቶ ተማሪ ሊኖረው ይችላል፤ ሳይጠየቅ አያስታውስም።

የአዲስ አበባው 9ኛ ክፍልስ? ይቆጠራል፣ ጠቃሚም ነው። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛ፣ ታሪክ የተማረች ልጅ ከብዙ አሜሪካዊ እኩዮቿ የተሻለ ጅምር አላት። ግን ኤንሲኤኤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የተማረችበትን ትምህርት ቤት ሁሉ ውጤት ይጠይቃል። ሰነዱ በአማርኛ ከሆነ የአማርኛውን ዋናና የተረጋገጠ የእንግሊዝኛ ትርጉም አብሮ ይፈልጋል። አክስቷ ወይም አጎቷ እዚያ ካሉ ዛሬውኑ ይላኳቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሬከርድ ቢሮው ሠራተኛ ቀይሮ፣ ፋይሉ የት እንደገባ ጠፍቶ ከሚሯሯጡ አሁን በእጅዎ ቢኖር ይሻላል።

እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሐበሻ ቤተሰብ የሚሰናከልባት ናት። የልጅቷ ስም በሁሉም ቦታ አንድ ይሁን። ፓስፖርቷ ላይ የአያቷ ስም የመጨረሻ ስም ሆኖ፣ ትምህርት ቤት በአባቷ ስም ተመዝግባ፣ የውድድር ውጤቷ ደግሞ በቅጽል ስሟ የሚወጣ ልጅ አውቃለሁ። አሰልጣኙ ሲፈልጋት ሦስት የተለያዩ ልጆች ነው የሚያገኘው። የትውልድ ቀንም እንደዚሁ ነው። በእኛ አቆጣጠር የተጻፈው በአንዱ ወረቀት ላይ ተቀይሮ፣ በሌላው ሳይቀየር ከቀረ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ይፈጥራል። የሁለተኛ ደረጃ ስፖርት የዕድሜ ገደብ ስላለው ይህ ጥያቄ ያስነሳል።

ኤስኤቲ የሚባለውን የኮሌጅ መግቢያ ፈተና በተመለከተ ኤንሲኤኤ ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ ፈተናውን ለብቁነት መጠየቅ አቁሟል። ኮሌጆቹ ግን አንዳንዶቹ ለመግቢያ አሁንም ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ ትፈተን።

አሁን ስለ ገንዘብ። "ፉል ስኮላርሺፕ" የሚለው ቃል ሐበሻ ቤት ውስጥ ትልቅ ቃል ነው። ሠርግ ላይ ይወራል፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ይወራል። ስለዚህ እውነቱን ልንገርዎት። ኤንሲኤኤ ራሱ ደጋግሞ እንደሚገልጸው ከሁለተኛ ደረጃ ስፖርተኞች መካከል የስፖርት ስኮላርሺፕ የሚያገኙት 2 በመቶ ያህሉ ናቸው፤ ይህም ከፊል የሚከፈላቸውን ጨምሮ ነው። በሩጫ ደግሞ ከፊል መሆኑ የተለመደ ነው። ለረጅም ጊዜ አንድ የዲቪዥን 1 የሴቶች ትራክና ክሮስ ካንትሪ ቡድን ሊሰጥ የሚችለው ከፍተኛ መጠን 18 ስኮላርሺፕ ነበር፤ የወንዶቹ 12.6። ያንን አሰልጣኙ ለአጭር ርቀት ሯጭ፣ ለዝላይ፣ ለውርወራና ለረጅም ርቀት ሯጭ ይቆራርሰዋል። አንዷ 30 በመቶ፣ ሌላዋ የመጽሐፍ ብቻ፣ ሌላዋ ምንም።

ይህ በ2025 ተቀይሯል። በጁን 6፣ 2025 አትሌቶች በኤንሲኤኤ ላይ ያቀረቡትን ክስ ለመዝጋት የተደረገውና አንዲት የፌዴራል ዳኛ ያጸደቁት ስምምነት የስኮላርሺፕ ጣሪያውን አንስቶ በአንድ ቡድን አባላት ብዛት ገደብ ተካው። ስምምነቱ ውስጥ የገቡ ትምህርት ቤቶች በትራክ ቢበዛ 45፣ በክሮስ ካንትሪ ቢበዛ 17 ሯጭ ነው የሚይዙት። በወረቀት ደረጃ ለሁሉም ሙሉ ስኮላርሺፕ መስጠት ይችላሉ። ሕግ ስለፈቀደ ግን ገንዘብ አይመጣም። እነዚሁ ዩኒቨርሲቲዎች በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር በቀጥታ ለአትሌቶቻቸው እንዲከፍሉ ተፈቅዶላቸዋል፤ የአንበሳው ድርሻ የሚሄደው ለአሜሪካ እግር ኳስና ለቅርጫት ኳስ ነው። የቡድን አባላት ብዛት መገደቡ ደግሞ ያለ ስኮላርሺፕ ገብተው ቀስ ብለው ያድጉ የነበሩ ልጆችን ቦታ አጣቧል። ይህ ያሳዝነኛል። ካሰለጠንኳቸው ውስጥ በጣም ያደጉት እነዚያ ነበሩ።

ታዲያ ተስፋ የለም ማለት ነው? በፍጹም። ገንዘቡ ሌላ በር ላይ ነው ያለው።

ዲቪዥን 3 የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም። ከ400 በላይ ኮሌጆች አሉት፤ ከሦስቱ ትልቁ ነው። ኤምአይቲና የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሚወዳደሩት እዚያ ነው። እነ ሃርቫርድ ያሉበት ስምንቱ የአይቪ ሊግ ዩኒቨርሲቲዎችም ዲቪዥን 1 ቢሆኑም የስፖርት ስኮላርሺፕ የላቸውም። ብዙ ወላጅ ይህን ሲሰማ ፊቱን ያዞራል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ሀብታሞቹ የቤተሰቡን ገቢ አይተው የጎደለውን ራሳቸው ይሞላሉ። ገቢው መካከለኛ ወይም ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰብ "ስኮላርሺፕ የለንም" ያለው ኮሌጅ "ግማሽ ስኮላርሺፕ ሰጥተናችኋል" ካለው ሊረክስ ይችላል። እግሯ ቢጎዳ ወይም አሰልጣኙ ቢቀየርም ያ ገንዘብ አይነካም። ለመግባት ግን ጠንካራ ትራንስክሪፕት ይጠይቃሉ። እንደገና ወደዚያው ተመለስን።

ዲቪ ደርሶዎት ስለመጡ ግሪን ካርድ አላችሁ። ስለዚህ 12ኛ ክፍል ላይ ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ መሙላት ትችላለች። ፔል ግራንት የሚባለው፣ የማይመለሰው ድጋፍ፣ በ2025/26 ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነው። የስደተኛነት ወይም የጥገኝነት ፈቃድ ያገኙ ቤተሰቦችም ፋፍሳ ይመለከታቸዋል። ጥገኝነት ጠይቀው ገና መልስ የሚጠብቁ ግን አይመለከታቸውም፤ ይህን የምጽፈው ሌሎችም ስለሚያነቡት ነው። በምትኖሩበት ስቴት ያሉ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም ለነዋሪ የሚያስከፍሉት በጣም ያነሰ ነው።

ጊዜው ሲደርስ አንድ አሰልጣኝ "40 በመቶ እንሰጥሻለን" ሊላት ይችላል። ያኔ ሳይደናገጡ ይጠይቁ። የምን 40 በመቶ? የትምህርት ክፍያው ብቻ ነው ወይስ ዶርሙና ምግቡም ይጨመራል? ለአንድ ዓመት ነው ወይስ ለአራት? ከተጎዳችስ? ሰዓቷ ካልወረደስ? በአፍ የተባለ ነገር አሰልጣኙንም እሷንም አያስርም። ድሮ በየዓመቱ በፎቶ ታጅቦ የሚፈረመው ብሔራዊ የስምምነት ደብዳቤ በ2024 ቀርቷል። አሁን የሚፈረመው ራሱ የገንዘብ ድጋፍ ውሉ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ሳያነቡ አያስፈርሙ።

ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ፤ ማንም ግን አይጠይቀውም። ነርሲንግ ወይም ኢንጂነሪንግ መማር ብትፈልግ ልምምዱ ከቤተ ሙከራ ሰዓት ጋር ይጋጫል? ደንቡ በውድድር ወቅት በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ የግዴታ ልምምድ አይፈቅድም፤ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍትም ያዛል። ግን ጉዞው፣ ፊዚዮቴራፒው፣ እንቅልፉ ሲደመር ሙሉ ሥራ ነው። በዲቪዥን 1 ሦስተኛ ዓመቷን ስትጀምር የዲግሪዋን 40 በመቶ፣ አራተኛውን ስትጀምር 60 በመቶ ማጠናቀቅ አለባት። ሁለተኛ ዓመት አጋማሽ ላይ የትምህርት ዘርፍ የምትቀይር ልጅ እዚህ ላይ ትያዛለች። በቢሮዬ ካለቀሱት ተማሪዎች የሚበዙት በዚህ ምክንያት ነው። ኮሌጅ ስትጎበኝ ከአሰልጣኙ ይልቅ ሴት ሯጮቹን ለብቻቸው ታናግር። ምን እንደሚማሩ፣ ስንቶቹ በጊዜያቸው እንደሚመረቁ፣ የተጎዳች ልጅ ቡድኑ ውስጥ እንዴት እንደምትያዝ ይነግሯታል።

ስለ ሰውነቷም አንድ ነገር ልበል፤ ይህን በጣም አደራ የምለው ነው። በ16 እና በ17 ዓመት የሴት ልጅ አካል ይለወጣል። ሰዓቷ ለአንድ ዓመት ሊቆም፣ ሊጨምርም ይችላል። ጥሩ አሰልጣኞች ይህን ያውቃሉ፤ ይጠብቃሉ። "ትንሽ ብትከሺ ትፈጥኛለሽ" የሚላት ሰው ካለ ከእሱ ያርቋት። የወር አበባዋ ለሦስት ወር ከቀረ፣ አጥንቷን ካመማት ወይም ያለ ምክንያት ከደከማት ሐኪም ጋር ትሂድ። የብረት መጠኗም ይታይ። የምትጾም ከሆነ ደግሞ አስቡበት። ሁዳዴ የሚውለው በትክክል የትራክ ውድድር በሚጋጋልበት ወራት ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ ሆና ከዚያ ኢንተርቫል (እያረፉ የሚደጋገም ፈጣን ሩጫ) መሮጥ ሰውነቷን ይጎዳል። ጾሟን ትተው አልልም፤ የንስሐ አባቷንና ሐኪሟን አማክራችሁ የሰዓቱን ነገር አስተካክሉ። እኔ የማውቃቸው አባቶች በማደግ ላይ ላለች ልጅ ሲጠየቁ ደግ ናቸው።

አሁን የሚሠራውን በቅደም ተከተል ልንገርዎት።

በዲቪዥን 1 ሩጫ አሰልጣኞች ለተማሪ ኢሜይል መመለስና ስልክ መደወል የሚችሉት 10ኛ ክፍልን ከጨረሰች በኋላ፣ ከጁን 15 ጀምሮ ነው። ከኦገስት 1 በኋላ ደግሞ ኮሌጁ ወጪዋን ችሎ እንድትጎበኝ ሊጋብዛት ይችላል። ዲቪዥን 3 ላይ ደንቡ ላላ ያለ ነው። እሷ ግን በየትኛውም ጊዜ መጻፍ ትችላለች። ከጁን 15 በፊት መልስ ካልመጣ አልወደዷትም ማለት አይደለም፤ አሰልጣኙ ስለተከለከለ ነው።

እስከዚያ 20 ያህል ኮሌጆች ትምረጥ። አመራረጡ እንዲህ ነው። የኮሌጁን ቡድን ዝርዝር ትክፈት። ዘንድሮ የገቡትን የመጀመሪያ ዓመት ሴቶች ስም ትያዝ። ከዚያ ሁለተኛ ደረጃ እያሉ ምን ሰዓት ይሮጡ እንደነበር አትሌቲክ ዶት ኔት ላይ ትይ። የእሷ ሰዓት ከእነሱ ጋር የሚቀራረብ ከሆነ ኮሌጁ ዝርዝሯ ውስጥ ይግባ። በጣም የሚራራቅ ከሆነ ለሚቀጥለው ዓመት ይቆይ። ይህን ሥራ ሁለት ቅዳሜ ትጨርሰዋለች። ሰውየው 2,800 ዶላር የጠየቀበት ሥራ ይኸው ነው። ከ20ዎቹ ውስጥ ቢያንስ ስድስቱ ዲቪዥን 3 ይሁኑ።

ኢሜይሉን ራሷ ትጻፈው። በራሷ እንግሊዝኛ፤ ትንሽ ቢሰባበርም ችግር የለውም። ይዘቱ ይህን ይመስላል፦

"ኮች፣ ስሜ እንዲህ ነው። 10ኛ ክፍል ነኝ። ከኢትዮጵያ ከመጣሁ አንድ ዓመት አልሞላኝም፤ መሮጥ የጀመርኩትም እዚህ ነው። 1600 ሜትር በ5:14 ሮጫለሁ፤ በሳምንት 25 ማይል እሮጣለሁ። ጂፒኤዬ ይህን ያህል ነው። ባዮሎጂ መማር እፈልጋለሁ። ቡድናችሁን የመረጥኩት ልጆቹ ከገቡ በኋላ ሰዓታቸው በየዓመቱ ሲወርድ ስላየሁ ነው። የአሰልጣኜ ስልክ ከታች አለ። ትራንስክሪፕቴን አያይዣለሁ።"

በቃ። ከዚህ አይርዘም። አሰልጣኙ ይህን ሲያነብ በትንሽ ልምምድ እዚህ የደረሰች፣ ገና ብዙ የሚቀራት ልጅ መሆኗን ወዲያው ይረዳል። አሰልጣኙን ከ5:14 በላይ የሚስበው ይኸው ነው። ሰዓቷ በወረደ ቁጥር ሁለት መስመር ጽፋ ትላክ።

እርስዎ በእሷ ስም አይጻፉ፤ ስልክ ሲደወልም እርስዎ አያንሱት። አሰልጣኙ አራት ዓመት አብራው የምትኖረውን ልጅ ድምፅ መስማት ይፈልጋል። የእርስዎ ድርሻ ሌላ ቦታ ነው። ሰኞ ጠዋት ከካውንስለሯ ቀጠሮ ይያዙ። የጸደቁትን ኮርሶች ዝርዝር አትመው፣ ትራንስክሪፕቷን ይዘው ይግቡ፤ የ11ኛ ክፍል ኮርሶቿንም እዚያው ቁጭ ብላችሁ ምረጡ።